ካልደፈረሰ አይጠራም፤ አስቸጋሪ ልብ ወለድ ማንበብ ይጠቅማልን?

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ በመካከሉ ማንኩሳ የምትባል ትንሽ ከተማ ያገኛል። አገሩ በቆሎና በርበሬ የሚመረትበት ስለሆነ፣ መንገደኛው ነጋዴ ከሆነ የሚያየው ጆንያውንና የጭነት መኪናውን ነው። መጽሐፍ ወዳድ ከሆነ ግን ዐይኑ ሌላ ነገር ይፈልጋል፤ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው ከዚህ ነውና። የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ልጅ በዛብህ የተወለደው በማንኩሳ ነው። እኔም በዚሁ አገር ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንሁ፣ ልብ ወለድ ሲባል ከሁሉ አስቀድሞ ትዝ የሚለኝ ይኸው መጽሐፍ ነው፤ የሌላውንም ሁሉ መልክ በእርሱ ስለካ ኖሬአለሁ።

ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ግን ከእርሱ በጣም የራቀ ስለሚመስል መጽሐፍ ነው። ታሪኩን በቅደም ተከተል የማይነግር፣ የሚናገረው ማን እንደሆነ ቶሎ የማይገልጥ፣ አንባቢውን በአቀራረቡ እያጫወተና እያደናገረ የሚጓዝ ልብ ወለድ አለ። ሊቃውንቱ ከእነዚህ አንዳንዶቹን «ድኅረ ዘመናዊ» ይሏቸዋል፤ ተራው አንባቢ ደግሞ «የማይገባ መጽሐፍ» ብሎ በአንድ ቃል ይገላገላቸዋል። እንደነዚህ ያሉትን መጻሕፍት ማንበብ ይጠቅማልን? ወይስ ጊዜን በከንቱ ማጥፋት ነው?

ይህን ጥያቄ ያነሣሁት በሥነ ጽሑፍ የተመራመርሁ ሰው ሆኜ አይደለም። ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ ያላለፈ፣ ዕድሜዬም ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ያነሣሁት አንድ የበደልሁት መጽሐፍ ስላለ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የመጻሕፍት ግዥ ዝርዝር አጣርቶ ለበላይ የማቅረብ ሥራ በእኔ እጅ ነበር። አንድ ወጣት የአማርኛ መምህር ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እንዲገዙለት ከዘረዘራቸው መካከል የአቶ ዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ይገኝበት ነበር። ይህን መጽሐፍ ተማሪ ሳለሁ ጀምሬ ከሃያ ገጽ በላይ ሳልሄድ ትቼዋለሁ። የተመደበው ገንዘብ ጥቂት ስለነበረ ከዝርዝሩ የሚቀር መጽሐፍ መፈለግ ግዴታ ሆነብኝ። በቀይ ቀለም ሰረዝሁትና በኅዳጉ ላይ «ለተማሪ አይገባም» ብዬ ጻፍሁ። መምህሩ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ በትሕትና «ጋሼ፣ መጽሐፉን አንብበውታል?» ሲል ጠየቀኝ። «አዎን፣ አንብቤዋለሁ» አልሁት። አላነበብሁትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሲከነክነኝ ስለቆየ፣ የልብ ወለድን ታሪክ በአቅሜ ወደ ኋላ ተመልሼ ለመመርመር ተነሣሁ። ያገኘሁትንም በአጭሩ ለአንባቢ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው ልብ ወለድ ራሱ በአገራችን እንግዳ ሆኖ የመጣ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. በሮም ታተመ። ደራሲው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ተወላጅ ናቸው። የመጽሐፉም ርእስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ነበር፤ ኋላ በባለታሪኳ ስም «ጦቢያ» እየተባለ መጠራት ጀመረ። እስከዚያ ዘመን ድረስ በአገራችን የሚነበበው ቅዱስ መጽሐፍ፣ ገድል፣ ድርሳንና ዜና መዋዕል ነበር። ያልሆነውን ነገር እንደ ሆነ አድርጎ፣ ሴቲቱን የወንድ ልብስ አልብሶ በጦርነትና በስደት መካከል የሚያንከራትት መጽሐፍ ለዚያ ዘመን አንባቢ ምን ያህል እንግዳ ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። «ልብ ወለድ» የተባለው ቃል ዛሬ ከአፋችን የማይጠፋ ሆነ እንጂ ያን ጊዜ አዲስ ነበር። እንግዲህ ልብ ወለድ ከጥንት ጀምሮ የተወሰነ አንድ መልክ ነበረው፣ ከዚያም ዝንፍ ማለት የለበትም ብሎ የሚከራከር ሰው ታሪክ አይመሰክርለትም።

ከጦቢያ እስከ ፍቅር እስከ መቃብር ድረስ ኀምሳ ስምንት ዓመት ያህል ነው። በዚህ መካከል ልብ ወለዳችን ጎለመሰ። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ማርቆስ አካባቢ በእንዶዳም ተወልደው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት በጎጃም ቅኔ ቤቶች የቀሰሙ፣ በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ተዋግተው የተማረኩ፣ ኋላም በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። በመጽሐፋቸው ውስጥ ያለው ተራኪ ሁሉን ያውቃል፤ የአንባቢውን እጅ ይዞ ከማንኩሳ ወደ ዲማ ይወስደዋል፤ የሰብለ ወንጌልን ልብ ይገልጥለታል፤ የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢት ያሳየዋል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ባነበበው ጊዜ ፊደል ያልቈጠሩት ሰዎች እንኳ ተከትለውት አልቅሰዋል። ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ሊነቀፍም አይገባውም።

ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ካሳ ዳምጤ የሚባል ሰው አለ። የዲማ ሰዎች ግን «ጉዱ ካሳ» ይሉታል። እንዲህ የሚሉት እንደ ሌላው ሰው ስለማይናገር፣ ሁሉም እሺ ብሎ የተቀበለውን እርሱ ስለሚጠይቅ ነው። እኛ አንባቢዎቹ ጉዱ ካሳን እንወደዋለን፤ በዲማ ሰዎችም አለማስተዋል እናዝናለን። ይሁን እንጂ በጠባዩ ጉዱ ካሳን የሚመስል መጽሐፍ፣ ማለት እንደ ሌሎቹ መጻሕፍት የማይናገር መጽሐፍ በእጃችን ሲገባ እኛ ራሳችን የዲማን ሰዎች ሆነን እንገኛለን። እኔ በቀይ ቀለም የሰረዝሁት ያን መጽሐፍ አላውቀውም ነበርና ከእነርሱ የምሻልበት ምክንያት አልነበረኝም።

አሁን ወደ አደፍርስ ልመለስ። መጽሐፉ የታተመው በ1962 ዓ.ም.፣ ማለት ከፍቅር እስከ መቃብር አራት ዓመት በኋላ ነው። አቶ ዳኛቸው ወርቁ የሸዋ ሰው ሲሆኑ የድርሰትን ጥበብ በአሜሪካ አገር ጭምር ተምረዋል። ታሪኩ በሰሜን ሸዋ በአርማንያ አካባቢ የሚፈጸም ሆኖ፣ አደፍርስ የተባለው ወጣት ለዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ከከተማ ወደ ገጠር የሄደ ተማሪ ነው። በዚያም እነወይዘሮ አሰጋሽን፣ እነጽዮኔን፣ ባላገሩንና ካህኑን ይገናኛል። ፍጻሜውን ላላነበበው ሰው አልናገርም።

አስቸጋሪው ነገር ታሪኩ አይደለም፤ አቀራረቡ ነው። ደራሲው አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸውን ሸሽገው ሰዎቹ እንዲነጋገሩ ይተዋሉ። ባለርስቷ ትናገራለች፤ ካህኑ ይናገራል፤ የተማረው ልጅ ይናገራል። ንግግሩም የመጽሐፍ አማርኛ ሳይሆን የአገር ቤት ወግ ነው፤ ሐረጉ ይቈረጣል፣ ይደገማል፣ ተረትና ምሳሌ ይገባበታል። «እገሌ እውነተኛ ነው፤ እገሌ ተሳስቷል» ብሎ የሚያስረዳን ተራኪ ስናጣ ግራ እንጋባለን። እኔም በሃያኛው ገጽ ላይ የሸሸሁት ይህን ብቸኝነት ነው።

በዚያው በ1962 ዓ.ም. የአቶ በዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ታትሟል። እርሱም የቢሮ ሥራውን ትቶ ሠዓሊ ለመሆን ስለሚመኝ ሰው የሚናገር፣ አካሄዱ ለአንባቢ የማያስቸግር መጽሐፍ በመሆኑ ብዙ ወዳጅ አፈራ። አደፍርስን ግን ብዙ ሰው ከበደን አለ። አቶ ዳኛቸው ከዚያ በኋላ ያሳተሙት ረጅም ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝኛ የወጣውና ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ዐሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» የሚባለው ነው። ግጥም አሳትመዋል፤ በ1977 ዓ.ም. የወጣው «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» የተባለው መጽሐፋቸውም ለብዙ ጀማሪ ጸሐፊ መምህር ሆኗል። በአማርኛ ሁለተኛ አደፍርስ ግን አልመጣልንም። ምክንያቱን ከደራሲው በቀር የሚያውቀው የለም፤ ሆኖም አንባቢ ያልተቀበለው መንገድ ተከታይ ተጓዥ ለማግኘት እንደሚቸገር የታወቀ ነው።

ሊቃውንቱ በሚያወጡት ሚዛን አደፍርስ ድኅረ ዘመናዊ ነው ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን በአማርኛ የአጻጻፍን ሥርዐት ደፍረው ከመረመሩት መጻሕፍት ግንባር ቀደሙ እርሱ ነውና፣ ስለ ሌሎቹ የምንሰጠው ፍርድ በእርሱ ላይ ከሰጠነው ይጀምራል።

እኔን ከስሕተቴ ያወጡኝ በማንኩሳ አጠገብ የሚኖሩ አንድ ሸምገል ያሉ የቅኔ መምህር ናቸው። ዐይናቸው ስለደከመ፣ ለበዓል ወደ አገር ቤት በወረድሁ ቍጥር መጽሐፍ እንዳነብላቸው ይለምኑኛል። አንድ ጊዜ የሰረዝሁትን መጽሐፍ ገዝቼ ይዤ ወረድሁ። «የኔታ፣ ይህ አስቸጋሪ ነው፤ ቢሰለችዎ ይንገሩኝ» ብዬ ጀመርሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳነብ፣ በዐይኔ ብቻ ሳየው ቍርጥርጥ ያለብኝ ንግግር የሰው ድምፅ ሆኖ ተሰማኝ። እኔ የተደናቀፍሁበትን ቦታ እርሳቸው እየሣቁ «ይችስ ባልቴት ነገር ታውቃለች!» ይሉ ነበር። የሸዋን ዘዬ እኔም እርሳቸውም አንዳንድ ቦታ ስተነዋል፤ ያ ግን ከመቀጠል አላገደንም። ጥቂት ምሽት ከቆየን በኋላ «ልጄ፣ ይህ ሰው ያስቸገረህ እኮ ፍርዱን ለአንተ ስለተወልህ ነው» አሉኝ።

ይህ ቃል የቢሮ ሰው ለሆንሁት ለእኔ ልብ የሚነካ ነበር። በጥንቱ የአገራችን ችሎት ተሟጋቾቹ በበላ ልበልሃ ፊት ለፊት ቆመው ሲከራከሩ፣ በዙሪያው የተቀመጠው ሕዝብ ሁለቱንም ወገን አድምጦ እውነቱ ከወዴት እንደሆነ ራሱ ይመዝን ነበር። አደፍርስም እንደዚሁ ነው። ባለርስቷ ስትናገር እውነት ያላት ትመስላለች፤ ተማሪው ሲመልስ ደግሞ እውነቱ ወደ እርሱ ያዘነብላል። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የለመደ ሹም የባለጉዳይ አቤቱታ ሲቀርብለት አንደኛውን ወገን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም። እኔ ግን ሳላነብ ፈርጄ ነበር።

የኔታ ያሉት ነገር ከቅኔ ትምህርት ጋር የተያያዘ መሆኑን በኋላ ተረዳሁ። ጎጃም እንደ ዋሸራና እንደ ጎንጅ ያሉ የቅኔ ቤቶች አገር ነው። ተማሪው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በዘአምላኪየና በሚ በዝኁ አድርጎ እስከ መወድስ ይወጣል። የትናንቱ ቅኔ ለዛሬ አያገለግልም፤ ሁልጊዜ አዲስ መቅረብ አለበት። ሰሙን የሰማ ሰው ወርቁን ወዲያው ባያገኝ «ይህ ቅኔ ከንቱ ነው» ብሎ አይነሣም፤ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ተቀምጦ ከባልንጀራው ጋር ሲፈታው ይውላል። እንግዲህ በቃል መጫወት፣ አንዱን ነገር በሌላው መሸሸግ፣ አድማጩን እንዲደክም ማድረግ ከውጭ አገር የመጣ ፋሽን ነው የሚሉን ሰዎች የገዛ አገራቸውን ትምህርት ዘንግተዋል። በዛብህም እኮ የቅኔ ተማሪ ነበር።

በውጭውም ዓለም ቢሆን ነገሩ የትናንት አይደለም። እስፓኛዊው ሰርቫንቴስ የ«ዶን ኪኾቴ»ን ሁለተኛ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1615 ሲያሳትም፣ በታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች በ1605 የወጣውን የመጀመሪያውን ክፍል ያነበቡ ሆነው ይገኛሉ። ሎረንስ ስተርን የተባለው ጸሐፊ እ.ኤ.አ. ከ1759 እስከ 1767 በእንግሊዝ አገር ባሳተመው «ትሪስትራም ሻንዲ» ውስጥ፣ ባለታሪኩ የሕይወቱን ታሪክ ልንገራችሁ ብሎ ከጀመረ በኋላ ከወሬ ወሬ እየዘለለ ሳይወለድ ብዙ ምዕራፍ ያልፋል፤ ስለ አንድ ሰው ሞት ሲናገርም አንዱን ገጽ በሙሉ ጥቁር አድርጎ አትሞታል። የአርጀንቲናው ኮርታሳር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣውን ልብ ወለድ፣ የእኛ አገር ልጆች ሰኞ ማክሰኞ በሚሉት የዝላይ ጨዋታ ስም ሰይሞታል። መጽሐፉ 155 ምዕራፎች ሲኖሩት፣ አንባቢው ቢፈልግ በተራ፣ ቢፈልግ ደራሲው ባመለከተው ቅደም ተከተል ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ እየዘለለ ሊያነበው ይችላል።

በአገራችን በዘመናችን ይህን መንገድ አስፍተው የሄዱት አቶ አዳም ረታ ናቸው። በ1981 ዓ.ም. ከወጣው «ማሕሌት» ጀምሮ፣ በ1997 «ግራጫ ቃጭሎች»፣ በ2001 «እቴሜቴ ሎሚ ሽታ» እያሉ ብዙ መጻሕፍት አሳትመዋል። ታሪክ ከታሪክ የሚያያዝበትን ዘዴያቸውን «ሕጽናዊነት» ብለው ሰይመው ከእንጀራ ዐይኖች ጋር አመሳስለውታል። ይህ ምሳሌ ደስ ይለኛል፤ ከሌላ አገር የተዋሰ ሳይሆን ከምጣዳችን የወጣ ነውና። መጻሕፍቱ ለሁሉም አይቀሉም፤ እኔም አንዳንዱን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ነው የጨረስሁት። ሆኖም ብዙ ወጣቶች እየተወያዩ ሲያነቧቸው አይቻለሁ፤ በአደፍርስ ዘመን የጎደለው እንዲህ ያለው መወያየት ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ስናገር የተጫወተ ሁሉ ጥሩ ደራሲ ነው ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ ለየኔታ ስሙን የማልጠቅሰውን አንድ አጭር ልቦለድ አነበብሁላቸው። ዐረፍተ ነገሩ የተገለበጠ፣ ታሪኩ መነሻም መድረሻም የሌለው ነበር። በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ «ሰሙን አገኘሁት፤ ወርቁን ግን አጣሁት» አሉ። ከዚህ የተሻለ ሚዛን ከየትም አላገኘሁም። የደራሲው ጨዋታ ስለ ሰው ኑሮ በሌላ መንገድ ሊነገር የማይችል ነገር ከነገረን ድካማችን ዋጋ አለው። ብልኀቱን ብቻ ሊያሳየን ከሆነ መጽሐፉን ዘግቶ መነሣት መብታችን ነው። አደፍርስም ቢሆን ነቀፋ አያጣም፤ ክርክሩ አንዳንድ ቦታ ከመጠን በላይ ይረዝማል፤ ወጣቱም ሰባኪ የሚመስልበት ጊዜ አለ።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ «ገና ብዙ ሥራ ያለባት አገር ለጨዋታ ምን ጊዜ አላት?» ይላሉ። ይህ ጥያቄ ከቅን ልብ የሚመጣ ስለሆነ በንቀት ሊመለስ አይገባም። ነገር ግን ቀላሉን ብቻ እንዲያነብ የተደረገ ተማሪ፣ ነገ ከባድ ውል፣ የተወሳሰበ ሕግ፣ ወይም ሁለት ገጽታ ያለው ንግግር ሲገጥመው ምን ያደርጋል? እኔ ከተማሪዎቹ የነጠቅሁት አንድ መጽሐፍ ብቻ አልነበረም፤ ከባድ ነገር ገጥሞአቸው ራሳቸው የሚፈርዱበትን ዕድል ጭምር ነበር። «አይገባቸውም» ብዬ የወሰንሁትም እኔ ስላልገባኝ ነው።

ስለዚህ ለተነሣው ጥያቄ የምሰጠው መልስ፣ ይጠቅማል የሚል ነው፤ የአነባበቡ መንገድ ግን መለየት አለበት። እንደነዚህ ያሉትን መጻሕፍት ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ይረዳል። ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ መወያየት ይበልጥ ይረዳል። የመጀመሪያው ንባብ ቢያደናግር ሁለተኛውን መሞከር ተገቢ ነው፤ ከዚያ በኋላም ወርቁ ካልተገኘ ያለ ኀፍረት መተው ይቻላል። መምህራንም ፍቅር እስከ መቃብርን በአንድ እጅ፣ አደፍርስን በሌላው ይዘው ቢያስተምሩ፣ ተማሪው እጁን ይዞ የሚመራውንና ብቻውን እንዲሄድ የሚተወውን መጽሐፍ ለይቶ ያውቃል።

አባቶቻችን «ካልደፈረሰ አይጠራም» ብለዋል። የመጽሐፉ ስም ራሱ ይህን ምሳሌ የሚያስታውስ መሆኑን ያስተዋልሁት ዘግይቼ ነው። ለየኔታ ያነበብሁበትን ያንኑ መጽሐፍ ባለፈው ዓመት ወስጄ ለዚያ ትምህርት ቤት ሰጠሁ። ይቅርታ ልጠይቀው ያሰብሁት መምህር ግን ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ አጣሁት። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መጽሐፉን ተቀብላ መዘገበችና ከፍቅር እስከ መቃብር አጠገብ አቆመችው። ማን አውርዶ እንደሚያነበው አላውቅም፤ ካነበበው በኋላ ግን ፍርዱ የእርሱ ነው።